በዋናው በር ይግቡ

ይህ ደሴ ውስጥ ለወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ሐሳቡ ግን እንዳለ ነው።

እንደምን ዋላችሁ? ከሮቢትም፣ ከሆጤም፣ ከቧንቧ ውሃ ሠፈርም ተነሥታችሁ በዚህ ብርድ መጥታችኋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ አውቀዋለሁና ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ስማችን አይነሣ ስላሉኝ አላነሣውም። ብዙዎቻችሁ ግን በደጁ አልፋችኋል። ምድሩ የድንጋይ ግንብ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው። ከፊት ለፊቱ የጣውላ ሰገነት አለው። ቆርቆሮው ዝጎ የተቆላ ቡና መስሏል። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነበር። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ አይ ነበር። ጨለማ እንጂ ሌላ ነገር ታይቶኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ ይህ ቤት ለአምስት ቀን ተከፈተ። ሰባት የከተማችን ወጣት ሠዓሊዎች የጎዳና ሥዕል ኤግዚቢሽን አሳዩበት። ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ ናቸው። ሌሎቹ እዚሁ ታፔላ ሲጽፉና የባጃጅ ጀርባ ሲሥሉ እጃቸው የተፍታታ ልጆች ናቸው። መግቢያው ነፃ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ተነሥቶ ቤቱ ባዶውን ቀረ።

ይህን ዓይነቱን ዝግጅት በውጭ አገር ፖፕ አፕ ይሉታል። ብቅ ብሎ የሚጠፋ ማለት ነው። አንዱ ሠዓሊ ይህን ሲያስረዳኝ ቶሎ የመጣልኝ ዳስ ነው። ዳስ ለሠርግ ይጣላል፣ ለሐዘንም ይጣላል። ቅጠሉ ሳይደርቅ ይነሣል። ዳስ ላይ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። የተጠራው ይገባል፣ መንገደኛውም ይገባል፣ የሁለቱም እጅ እኩል ይታጠባል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው ዳሱ የተጣለው ሥዕል ለማየት መሆኑ ነው።

የጎዳና ሥዕል ራሱ ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። የሥጋ ቤቱን በሬ አስታውሱ። ሻኛው ከእውነተኛው ሻኛ ይገዝፋል። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ያለውን ጎረምሳ አስታውሱ፤ በአንድ ጎኑ መቀስ፣ በአንድ ጎኑ ማበጠሪያ። እነዚያን የሣሉ ሰዎች ለአንድ ከተማ ሕዝብ ሥዕል ሲያሳዩ ኖረዋል። ማንም አላጨበጨበላቸውም። የእንቁጣጣሽን ማለዳም አስቡት። ወንዶች ልጆች መልአክና አበባ ሥለው በየቤቱ ይዞራሉ። ሥዕሉ ልጁ ቤት ይሣላል፣ የሚቀመጠው ግን ጎረቤት ቤት ነው። ሳንቲም ብትሰጡም ባትሰጡም ወረቀቱን ይተውላችኋል። እኔ በዚህች አገር ካየሁት ሁሉ ለሰው በጣም የቀረበው ሥዕል ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልውሰዳችሁ።

በዋናው በር ገብታችሁ በስተግራ ያለው ክፍል ግድግዳው በሙሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው። የድሮ ቤት ያየ ያውቀዋል። ጭቃው እንዳይረግፍ፣ ብርድም እንዳይገባ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል። ሲያረጅ በላዩ ሌላ ይደረባል። እዚህ ቤት ላይ ሦስትና አራት ድርብ ነው። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም ነው። የእዚህኛው ግድግዳ የትኛው ዓመት እንደሆነ ዳሩ ስለተቀደደ አይነበብም። የጎማ ማስታወቂያ አለ። የእግር ኳስ ውጤት አለ። አንዲት ሴት ዘውድ የመሰለ ሹሩባ ተሠርታ ትስቃለች፣ ግማሽ ፊቷ በጭስ ጠቁሯል። እኔ እዚያ ግድግዳ ፊት ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ። ሥዕሉን ገና ሳላይ ማለት ነው።

ይህን ክፍል የወሰደችው ልጅ ግድግዳውን በጣቷም አልነካችውም። ግልጽ ላስቲክ ገዛች። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሲባጎ አንጠለጠለችው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። በላስቲኩ ላይ ሰዎች ሣለችበት፤ የሚያነቡ ሰዎች። አንዱ ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጋዜጣው ላይ አጎንብሷል። አንዲት ሕፃን በእግሯ ጣት ቆማ ትንጠራራለች። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ሰዎቹ እውነተኛውን የግድግዳ ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስላሉ። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ላስቲኩ ይወዛወዛል። ያኔ አንባቢዎቹ ገጽ የሚያዞሩ ይመስላል።

ሁለተኛው ልጅ ደግሞ በራጅ ነው የሠራው። አዎ፣ ሆስፒታል የምንነሣው ራጅ። ስቴንስል፣ ማለትም ቅርጽ ቆርጠው በላዩ ቀለም እየነፉ የሚሠሩ ሠዓሊዎች የራጅ ፊልም ይወዳሉ። በምላጭ ሲቆረጥ ዳሩ አይፈረፈርም፣ ቀለምም አይመጥም፤ ታጥቦ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ይሄኛው ራጅ የአያቱ ነው። በሕይወት የሉም። የደረታቸው ፊልም ሣጥን ውስጥ ቀርቶ አገኘው። በላዩ ላይ ጀበና የያዘ እጅ ቆረጠበት። ከዚያ በጥቁር እስፕሬይ አንድ ችፑድ ላይ አርባ ጊዜ ነፋው። አርባ እጅ፣ አርባ ጀበና። ፊልሙን ራሱን ደግሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የአያቱ የጎድን አጥንት ይታያል። በአጥንቱ መሐል ብርሃኑ በእጁ ቅርጽ ያልፍና ወለሉ ላይ ያርፋል። የወለሉ ጣውላ ላይ ቡና የሚቀዳ የብርሃን እጅ። ሰዎች እንዳይረግጡት ዞረው ያልፉ ነበር። ማንም አትርገጡ አላላቸውም።

ሌሎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ አልነግራችሁም። ጥሩም ነበሩ፣ ገና ያልበሰሉም ነበሩ። የደረጃው ሥር ግን አንድ ነገር አለ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ሰፊ ችፑድ ቆሟል፣ ከሥሩ አንድ ካርቶን ጠመኔ። ልጆች እንደፈለጉ ይሥሉበታል፤ ማታ ይጠፋል፤ ጠዋት እንደገና። ይህን ሳይ ኪት ሄሪንግ ትዝ አለኝ። አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። እሱ ያን ጥቁር ወረቀት አየና ጠመኔ ገዛ። በደቂቃ ውስጥ ሥሎ ይሄዳል። ባቡር የሚጠብቀው ሕዝብ ያያል። ፖሊስ ይዞት ያውቃል። ሥዕሉ በማግስቱ ሊሸፈን ይችላል፣ እሱም ያውቀዋል፣ ግን ለዓመታት ቀጠለ። እኛም ጠመኔ አለን። ጥቁር ሰሌዳም ተርፎናል።

የጎዳና ሥዕል ቤት ውስጥ ከገባ ጎዳናነቱ ይቀራል የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የመለስኩት እንዲህ ብዬ ነው። ጎዳናን ጎዳና የሚያደርገው አስፋልቱ አይደለም። ማንም ሳያስፈቅድ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። ያ በር ለአምስት ቀን ሲከፈት ጎዳናው ወደ ቤቱ ገባ። ከገበያ የሚመለሰው ከነዘንቢሉ ገባ። ሊስትሮው ከነሣጥኑ ገባ።

በዝግጅቱ ወቅት ትልቁ ክርክር 20 ብር ነበር። ቀለሙ ውድ ነው። ችፑዱም ውድ ነው። ወጪውን የሸፈነው አንዱ ልጅ ነው፤ የዕቁብ ዕጣው ወጥቶለት አመጣው። የቀለም ሱቆች በጣሳ የተረፈ ቀለም ሰጥተዋል። እና ከመካከላቸው 20 ብር እናስከፍል ያሉ ነበሩ። 20 ብር ዛሬ ምን አላት? የአንድ ቡና ዋጋ እንኳ አትሞላም። ነገሩ ግን የገንዘቡ መጠን አይደለም። በር ላይ ሰው ተቀምጦ እጁን ሲዘረጋ፣ መንገደኛው ለራሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ነገር ለእኔ ነው ወይ? ይላል። ብዙው ሰው አይደለም ብሎ ያልፋል። ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ እያለ ያልፋል። እኔም በወጣትነቴ ስንቱን በር እንደዚያ አልፌዋለሁ። ቡና ጀባ ስትባሉ ሒሳብ ትጠይቃላችሁ? አትጠይቁም። ትቀመጣላችሁ። በመጨረሻ ልጆቹ ነፃ ይሁን ብለው ተስማሙ። ትክክል ነበሩ።

ስለ ግድግዳው ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ከእናንተ መካከል ነገ ተነሥቶ አሮጌ ቤት ውስጥ እንሣል የሚል አይጠፋም። እንዲኖርም እፈልጋለሁ። ግን አሮጌ ግድግዳ ላይ በቀጥታ አትቀቡ። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። ጭድና ጭቃው እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያወጣል። ፕላስቲክ ቀለም ስትለብጡበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ምርጊቱ ያብጣል፣ በክረምት ማግስት እየተቦደሰ ይወርዳል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ደግሞም ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ መጠገንና መለወጥ ይከለክላል። ባለቤቱ ስለፈቀደ ብቻ ነገሩ አያልቅም።

አይቻልም ማለት ግን አይደለም። አባቶቻችን መንገዱን አሳይተውናል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ ጊዜ በግድግዳው ጭቃ ላይ በቀጥታ አልተሣለም። አቡጀዲ ላይ ይሣላል፣ ከዚያ አቡጀዲው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ልጆቹም ይህን አሰቡት። በችፑድ፣ በአቡጀዲ፣ በላስቲክ ሠሩ። አንድም ምስማር ግድግዳው ላይ አልመቱም። ሁሉም ነገር ወይ ከወራጅ ተንጠልጥሏል ወይ በራሱ እግር ቆሟል። አንድ አናጢ ሽማግሌ አስጠርተው የፎቁን ወለል አስፈትሸዋል። ጋሼ በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡት። «በአንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ እንዳይወጣ» አሉ። 12 ጠጠር በጣሳ ተቀመጠ። የሚወጣው አንድ ጠጠር ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድ ይመልሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦው አሮጌ ስለሆነ መብራት አልበራም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው የታየው። በሁለተኛው ቀን ዝናብ መጥቶ ጣሪያው አፈሰሰ፤ አንድ የአቡጀዲ ሥዕል ተበላሸ። ሳፋ ደቅነው ቀጠሉ።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ምክንያቱም የቀሩን ቤቶች ጥቂት ናቸው። ይህች ከተማ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች። ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሙዚየሙ ያለበት ቤት ራሱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው። ከዘረፋው በኋላ ባዶ መደርደሪያዎቹን በፎቶ ያየ ሰው ይረዳኛል። እኔ ያን ፎቶ አይቼ ብዙ ቀን ምግብ አልበላልህ ብሎኝ ነበር። ዕቃ ሲዘረፍ ቤቱ ይቀራል። ቤት ሲፈርስ ግን ምኑን ተይዞ ታሪክ ይወራል?

አይጠየፍን ታውቃላችሁ። በ1906 ዓ.ም የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ነው። ግብር የሚበላበት ነበር። ስሙን ቀስ ብላችሁ በሉት። አይ-ጠየፍ። አዳራሹ ማንንም አይጠየፍም። ሀብታምና ደሃ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ባለማዕረግና ተርታው አንድ ጣሪያ ሥር። ከስንት ስም ይህን ስም መረጡለት! ሌላ አገር አዳራሽ በንጉሥ ስም ይጠራል፣ በድል ስም ይጠራል። የእኛው በጠባዩ ነው የተጠራው። እኔ ነፃ ኤግዚቢሽን ስል የውጭ አገር ፋሽን ልከተል ብዬ አይደለም። ደሴ ውስጥ ሆኜ ከአይጠየፍ የወጣ ሐሳብ ነው የምናገረው።

ሥዕሎቹ በስድስተኛው ቀን ሲነሡ ያዘኑ ነበሩ። ለምን አይቆይም? አሉ። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ሊፈርስ የተወሰነበት የመኖሪያ ሕንፃ ለአንድ ወር በነፃ ተከፍቶ ነበር። ቱር ፓሪስ 13 ይባላል። መቶ ያህል የጎዳና ሠዓሊዎች ከአፓርታማ አፓርታማ እየዞሩ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር ሥለውበታል። ሰው ለሰዓታት ተሰልፎ ገብቷል። በዓመቱ ሕንፃው ፈረሰ። እዚያ ሥዕሉም ቤቱም አብረው ሄዱ። እኛ ዘንድ ቤቱ መቆየት አለበት። ስለዚህ የሚሄደው ሥዕሉ ነው። ሲሄድም ዝም ብሎ አልጠፋም። አንዱ ወፍራም ሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ጉሊት ለምትሸጥ እናት ተሰጠ። አሁን ለፀሐይና ለዝናብ መከለያ ዘርግታዋለች። ሽንኩርትና ቃሪያዋ ላይ ቢጫ ወፍ ክንፉን ዘርግቷል። ፈረንሳዊው የጎዳና ፎቶ ሠዓሊ ጄአር እ.ኤ.አ. በ2009 ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ እንዲሁ አድርጎ ነበር። የሠፈሩን ሴቶች ዓይንና ፊት ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ላይ አትሞ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘረጋው። ፎቶው ጣሪያ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ሥዕልም አገኘ፣ ከዝናብም ዳነ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልመልሳችሁ። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሳይሆን አይቀርም። ነጠላቸውን አጥብቀው ለብሰዋል፣ በእጃቸው የጨው ላስቲክ ይዘዋል። ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ግን አይገቡም። አንዷ ልጅ ወጣች።

«እማማ ይግቡ እንጂ።»

«ስንት ነው?»

«ነፃ ነው እማማ። ብር የለውም።»

«በዚህ በኩል ነው የሚገባው?»

«አዎ፣ በዋናው በር ይግቡ።»

ጫማቸውን አወለቁ። ልጅቷ ግዴለም ብትላቸውም እምቢ አሉ። በባዶ እግራቸው ገቡ። ላስቲኩ ላይ ያሉትን አንባቢዎች አዩ። ሥዕሉን አለፉና በስተጀርባ ወዳለው ትንሽ በር ሄዱ። እጃቸውን በመቃኑ ላይ አሳለፉ።

«እኔ በዚህ ነበር የምገባው» አሉ።

በልጅነታቸው ከገራዶ መጥተው እዚህ ቤት ተቀጥረው ነበር። እንጀራ ይጋግሩ ነበር፣ ውሃ ይቀዱ ነበር። ስድስት ዓመት። በጓሮ በር ገብተው በጓሮ በር ይወጣሉ። በዋናው በር ገብተው አያውቁም ነበር። ከዚያ ቤቱን እየዞሩ አሳዩን። እልፍኙ የቱ እንደነበረ። እህል የሚቀመጠው የት እንደነበረ። ጋዜጣውን ማን እንደለጠፈው ነገሩን፤ እሳቸው ራሳቸው ሙጫውን አፍልተዋል። ጭስ ያጠቆራት ሴትዮ የምድጃው አቅጣጫ ላይ ስለሆነች ነው አሉ። እኛ ያላየነውን ምድጃ በጣታቸው አሳዩን። ሠዓሊዎቹ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ይከተሏቸው ጀመር። የቤቱ ባለቤት ልጅ እንኳ አብሮን ቆሞ እየሰማ ነበር። ስለ ገዛ ቤቱ ይህን ሁሉ አያውቅም።

እኚህን እናት ለጥናት ብለን ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም ነበር። ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የለም። በቲኬት ቢሆን አይገቡም ነበር። የመጡት በሩ ስለተከፈተና ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

በአምስቱም ቀን ተመላለሱ። በመጨረሻው ቀን የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡና ደረጃው ላይ ተቀምጠው አወሩልን። ስልኬን ቀና አድርጌ ልቅዳዎ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አብሽር፣ ቅዳ» አሉኝ። ለሰው ላሰማውም ብዬ አስፈቅጃቸዋለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ዛሬ ስለ ጋዜጣው ግድግዳ የሚያወሩበትን ብቻ ነው የማሰማችሁ። መሐል ላይ የሕፃን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የልጅ ልጃቸው ነው፣ ጠመኔ ይዞ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ነው። ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ።